እናቴ የደበቀችው ኪኒን

ባለፈው ወር እናቴን ልጠይቅ ዳሪሙ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሌን ካለፉ በኋላ ያዩና ሁሩሙ ላይ ጫካው ከግራም ከቀኝም ይቀበላል፤ ከመቱ ወዲያ ደግሞ ሌላ መኪና፣ ሌላ አቧራ፣ እንደ ወቅቱም ሌላ ጭቃ አለ። ለዚህ አምድ የሚሆን ነገር ላመጣ ብዬ አልነበረም የሄድኩት። እናቴ ግን ርዕስ አታሳጣኝም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፍራሿን ፀሐይ ላይ ላሰጣው ሳነሳ ከሥሩ የተቋጠረ አሮጌ ሻሽ ወደቀ። ገንዘብ መስሎኝ "እማዬ፣ ባንክሽ ተገኘ!" አልኳት። ስፈታው ግን ትንንሽ ነጫጭ ኪኒኖች ናቸው። ከመቆየት ብዛት የአንዳንዶቹ ጠርዝ ተሸራርፏል። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ምን ያደርጋል? ቆጠርኳቸው። 30 ናቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የመንግሥት ኪኒን ነው" አለችኝ፣ ቡና መቁላቷን ሳታቋርጥ። (የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ አቀርበዋለሁ።)

"ለምን አልዋጥሽውም?"

"ለመጀመሪያ ጊዜ የዋጥኩት ቀን ፊቴ አበጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ስታከክ ሰነበትኩ። ሳልታመም ለምን ብዬ ልታመም? ልጅቷ ስትመጣ 'አስቀምጪልኝ፣ እህል ቀምሼ እውጠዋለሁ' እላታለሁ። አኮ እያለች የምትጠራኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ታምነኛለች።"

"ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?"

"መድኃኒት ይጣላል እንዴ?"

ለእናቴ ቁመት የሚሰጣት በአንድ ዙር ሦስት ኪኒን ነው። 30 ሲካፈል ለሦስት፣ 10 ዙር። ኪኒኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታደል እናቴ አምስት ዓመት ሙሉ አልዋጠችም ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ዐሥሩንም ጊዜ ውጣለች። ይህን ስነግራት ቡናዋን ከእሳት አወረደችና እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ "የእኔ የአንዲት አሮጊት መዋጥ አለመዋጥ ለማን ምን ያጎድላል?"

እዚያው ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ የምጽፈው መልሱን ነው።

በመጀመሪያ በሽታውን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። በጤና ባለሙያዎች ቋንቋ ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል፤ ብዙዎች "የወንዝ ዳር ዕውርነት" ይሉታል። የሚያስተላልፈው በፈጣን ወራጅ ውኃ ውስጥ የምትራባ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት። ኢሉባቦር ደግሞ የወራጅ ውኃ አገር ነው፤ ሶር ወደ ገባ፣ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ። ዝንቧ በቀን ትነድፋለች። ከአንዱ ሰው ቆዳ የትሉን ጥቃቅን ልጆች ወስዳ ለሌላው ታደርሳለች። ትልቋ ትል ከቆዳ ሥር እብጠት ሠርታ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ በየቀኑም ቁጥር ስፍር የሌላቸው ልጆች ትወልዳለች። ዓይን የሚያጠፉትም፣ ቆዳ የሚያሳክኩትም እነዚህ ልጆች ናቸው።

በእኛ አገር በሽታው ከዓይን ይልቅ የሚያጠቃው ቆዳን ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው እንደ በሽታ አይቆጥረውም። አባቴ ሌሊት ሌሊት ተነስቶ ጀርባውን በበሩ መቃን ያሽ ነበር። ቅልጥሙ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ነብር ዥጉርጉር ነው። እኛ ልጆቹ የአባታችን ጠባይ ይመስለን ነበር፤ አንዱ አባት ያንኮራፋል፣ የእኛ ደግሞ ያካል። ቡና ለቀማ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሲደክመው "እንቅልፍ አጥቼ ነው" ይላል። ያጣው ለምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ኋላ እንዳነበብኩት እ.ኤ.አ. በ1997 በቴፒ ቡና ልማት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በዚህ የቆዳ በሽታ የተያዙ ቋሚ ሠራተኞች የቀን ገቢ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። ያንን ቁጥር ሳይ የታየኝ የበሩ መቃን ነው። አባቴ ያሸበት ቦታ ዛሬም ልስልስ እንዳለ ነው።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ከጃፓን አፈር በተገኘ ባክቴሪያ የተጀመረ ነው፤ ያገኙት ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። አምራቹ ኩባንያ መርክ ከ1987 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚፈለገውን ያህል፣ እስከሚፈለግበት ጊዜ ድረስ በነፃ እሰጣለሁ ብሎ እስካሁን እየሰጠ ነው። ታዲያ በነፃ ከሆነ ሒሳቡ ምን ላይ ነው የሚያስፈልገው ትሉ ይሆናል። ኪኒኑ ነፃ ነው እንጂ ከአዲስ አበባ ዳሪሙ የሚያደርሰው ነዳጅ ነፃ አይደለም። ሥልጠናው፣ መዝገቡ፣ የተቆጣጣሪው አበል፣ የዚያች የጎረቤት ልጅ ከቤት ቤት ስትዞር የምታጠፋው ቀን፣ ሁሉም ዋጋ አለው።

መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ድክመት አለበት። የሚገድለው የትሉን ልጆች ነው፤ እናቲቱን አይገድልም። ለጥቂት ወራት ከመውለድ ያግዳታል እንጂ ውጤቱ ሲያልፍ እንደገና ትጀምራለች። ስለዚህ ያለው አማራጭ እናቲቱ አርጅታ እስክትሞት ድረስ ልጆቿን እየተከታተሉ መጨረስ ነው። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ፤ ለዓመት ሳይሆን ለዐሥርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዓመታት። ስንት ሰው ይዋጥ? በዓመት ስንት ጊዜ? መቼስ ይቁም? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በግምት ከመለሷቸው ወይ ገንዘቡ ያልቃል፣ ወይ በሽታው ይመለሳል።

ሒሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1902 ኖቤል የተሸለመው ሮናልድ ሮስ ሐኪም ሆኖ ሳለ የሒሳብ ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። ወባን ለማጥፋት ትንኝን ሁሉ መጨረስ እንደማያስፈልግ፣ ቁጥሯ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ በሽታው ራሱ እየከሰመ እንደሚሄድ በስሌት አሳየ። በኮሮና ጊዜ በየቴሌቪዥኑ ስንሰማው የነበረው ነገር ነው፤ አንድ በሽተኛ ለሁለት ካስተላለፈ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ያድጋል። ሁለት በሽተኞች ተደምረው ለአንድ ሰው ብቻ ካስተላለፉ ደግሞ 100 የነበረው 50፣ ከዚያ 25 እያለ ይጠፋል። ወሳኙ ቁጥር አንድ ነው። ከአንድ በላይ ከሆነ ይስፋፋል፣ ከአንድ በታች ከሆነ ይጠፋል። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን የማስተምርበት ዕድል ቢኖረኝ ኖሮ "ሒሳብ ለምን ይጠቅማል?" የሚለውን ጥያቄ እንዲህ አልፈራውም ነበር።

በዚህ በሽታ ላይ የሒሳብ ሞዴል በትክክል የተፈተነው በምዕራብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረ ትልቅ ዘመቻ ሄሊኮፕተሮች በየወንዙ ላይ እየበረሩ የዝንቧን እጭ የሚገድል መድኃኒት ይረጩ ነበር። ወጪው ከባድ ነው። ቶሎ ቢያቆሙ የዓመታት ልፋት ገደል ይገባል፤ ቢያዘገዩ በየዓመቱ ሚሊዮኖች በከንቱ ይፈስሳሉ። በሆላንድ ሮተርዳም የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዘመቻው ባለሙያዎች ጋር ሆነው ኦንኮሲም የሚባል ሞዴል ሠሩ። ሞዴል ስላችሁ የሚያስፈራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በኮምፒዩተር ውስጥ የተሠራ መንደር ነው። ሰው ይወለድበታል፣ ያረጅበታል፣ በዝንብ ይነደፍበታል፤ ትሉ ይራባበታል፣ ይሞትበታል። ያንን መንደር ደጋግመው እያስነሱ "ርጭቱን በ10ኛው ዓመት ብናቆምስ? በ12ኛውስ?" ብለው ጠየቁት። መልሱ 14 ዓመት ሆነ፤ 14 ዓመት ከተረጨ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ቀድሞ በክርክር ብቻ ይወሰን የነበረ ነገር በቁጥር መወሰን ጀመረ።

ወደ ኪኒኑ ስንመጣ "በዓመት አንዴ ወይስ ሁለቴ?" የሚለው ጥያቄ አለ። የችኩል ሰው መልስ "ሁለቴ ከሆነ ወጪው እጥፍ ነው" የሚል ነው። በጋና በተደረገ ጥናት ግን ሁለቴ ማደል የዓመቱን ወጪ የሚጨምረው በ60 በመቶ ገደማ ነው፤ ሥልጠናውና መዋቅሩ ለሁለቱም ዙር ያገለግላልና። አሁን ቤት ውስጥ እንደምናደርገው እናስላው። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው። በዓመት አንዴ ሲታደል ወጪው 100 ብር ነው፣ በሽታው የሚጠፋውም በ15 ዓመት ነው እንበል፤ ድምሩ 1,500 ብር ይሆናል። ሁለቴ ሲታደል በዓመት 160 ብር ነው። በ9 ዓመት ከተጠናቀቀ 1,440 ብር፤ ያዋጣል። በ12 ዓመት ከሆነ ግን 1,920 ብር፤ አያዋጣም። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው ስንት ዓመት ያሳጥራል በሚለው ላይ ነው። ያንን የሚነግረን ሞዴሉ ነው፤ መልሱም በየቦታው ይለያያል። ዝንቡ በበዛበት ወንዝ ዳር ሁለቴው ይክሳል፤ በሽታው ቀላል በሆነበት አንዴው ይበቃል። ኢትዮጵያም ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ዕቅዷን ስትቀይር በዓመት ሁለቴ ማደልን በስፋት ተከትላለች። እርግጥ እንዲህ ያለው ስሌት ሌሊት የማያካውን ሰው እንቅልፍ በብር አይተምነውም፤ ይህ ያንገበግበኛል። አባቴን የት አምድ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ እንመለስ። ዘመቻው ከመንደሩ ሰው 80 በመቶው እንዲውጥ ይፈልጋል። 1,000 ሰው ያለበት መንደር ውሰዱ። በእያንዳንዱ ዙር 800 ይውጣል፣ 200 ይቀራል። ሁለት ዓይነት መንደር ላሳያችሁ።

በመጀመሪያው መንደር የሚቀረው ሰው በየዙሩ ይለያያል። አንዱ ዛሬ ገበያ ሄዷል፣ ሌላዋ እርጉዝ ናት፣ ሦስተኛው ልቅሶ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዙር እነዚህ ይውጣሉ፣ ሌሎች ይቀራሉ። በዚህ መንደር ሁለቱንም ዙር ያመለጠው ሰው 40 ነው። ሦስቱንም ያመለጠው 8። አራቱንም ያመለጠው አንድ ወይ ሁለት ሰው። በአምስተኛው ዙር አንድም ጊዜ ያልዋጠ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው መንደርም በእያንዳንዱ ዙር 800 ይውጣል፣ 200 ይቀራል። የሚቀሩት ግን ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ከአምስት ዙር በኋላ ያልዋጡት 200 ናቸው። ከ10 ዙር በኋላም 200። ትሉ ሳይነካ፣ ልጆቹን እየወለደ በእነሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዝንቧም ከእነሱ እየቀዳች ለ800ዎቹ ታድላለች። ልብ በሉ፤ ወረዳው ወደ ዞን የሚልከው ሪፖርት ለሁለቱም መንደር አንድ ነው፤ 80 በመቶ። የኪኒኑ ብዛት አንድ ነው፣ ወጪውም አንድ ነው። አንደኛው ግን ይጨርሳል፣ ሁለተኛው አይጨርስም። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ስንት ሰው ዋጠ ከሚለው እኩል "ሁልጊዜ የሚቀረው ማን ነው?" የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ለእናቴ በቡና ፍሬ አስረዳኋት። ረከቦቱ አጠገብ 100 ፍሬ ደርድሬ በየዙሩ 20 ቀይ ፍሬ እየቀያየርኩ አሳየኋት። ከዚያ ሃያውን ሳልነካ ትቼ ዙሩን ቀጠልኩ። ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና አንዷን ቀይ ፍሬ በጣቷ ነካ አደረገቻት።

"ይህቺ እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"ይሄኛውስ?" ከአጠገቧ ያለችውን ጥቁር ፍሬ ነው የምታሳየኝ።

"ትንሿ የልጅ ልጅሽ ናት።"

እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ኪኒኑ አልተከራከረችኝም። ስለ እብጠቱ ግን ጠየቀችኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። በሰውነት ውስጥ የትሉ ልጆች በብዛት ካሉ መድኃኒቱ ሲገድላቸው ማሳከክና ማበጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ያኔ የታመመችው ጤነኛ ሆና ሳለ ሳይሆን ትሉ በውስጧ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ይህን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው አልነበረም። እኔም ልጇ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ በየዓመቱ እየመጣሁ ስለ ከብቱና ስለ ማሩ ስጠይቅ አንድ ቀን እንኳ "ኪኒኑን ዋጥሽ?" አላልኳትም። ወላጆቻችንን በስልክ "ደህና ናችሁ?" ስንል የምንጠብቀው መልስ "ደህና ነን" የሚል ብቻ ነው መሰል።

እግረ መንገዴን፣ እንዲህ ባለ አካባቢ ዘመድ ላላችሁ፤ ቁመታቸው ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ሕፃናት፣ እርጉዞች፣ ከወለዱ ሳምንት ያልሞላቸውና በጠና የታመሙ ሰዎች አይወስዱም። እነሱ በዚያ ዙር ሊቀሩ የሚገባቸው ናቸው። ተጠራቅሞ የተገኘ ኪኒን ደግሞ ወደ ጤና ኬላ ይመለሳል እንጂ አይዋጥም።

"እስከ መቼ?" ለሚለውም መልስ አለ። ከዓመታት እደላ በኋላ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ከጣት ጫፍ ደም ይወሰዳል። እነዚህ ልጆች የተወለዱት እደላው ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ በሽታው መተላለፉን ካቆመ በደማቸው ውስጥ የትሉ ምልክት መኖር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ1,000 ልጅ አንድ እንኳ የማይሞላ ይላል። ዝንቦቹም በሺዎች ተይዘው ይመረመራሉ፤ ለዚህ የሚሆን ላቦራቶሪ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። መተማ ላይ፣ ከድንበር ማዶ ካለው የሱዳን ገላባት ጋር፣ ይህ ፈተና ታልፎ እደላው ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሌላ አነጋገር የአያቶች መዋጥና አለመዋጥ የሚታየው በልጅ ልጆች ጣት ነው።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የጎረቤት ልጅ የቁመት መለኪያ እንጨቷን ተሸክማ መጣች። ዙሩ ደርሶ ነበር። እናቴ ቋጠሮውን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ልጅቷ ፈትታ አየችው፤ ቀና ብላ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ መዝገቧን ገልጣ ወደ ኋላ አገላበጠች። ዐሥር ቦታ ምልክት አለ።

"አኮ፣ ያለፈውን አሁን ምን ብዬ ልጻፈው?"

ማንም አልመለሰላትም። ኋላ "ዛሬን በትክክል እንጽፋለን" አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

እናቴ እንጨቱ አጠገብ ቆመች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች፣ ደግማ አየችና ሁለት ኪኒን አወጣች።

"ሦስት ነበር እኮ የሚሰጠኝ!" አለች እናቴ። "ለምን ተቀነሰብኝ?"

"አጥረሻላ፣ አኮ።"

እናቴ አምስት ዓመት ሙሉ ያልፈለገችው ኪኒን አንድ ስለጎደለባት ተቆጣች። ቢሆንም ልጅቷ እያየች ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጠች፤ አፏንም ከፍታ አሳየቻት፣ እንደ ልጅ። በማግስቱ ትንሽ አሳከካት እንጂ አላበጠችም።

ከእሷ በኋላ ትንሿ የልጅ ልጅ ሳትጠራ ሮጣ እንጨቱ ሥር ቆመች። 88 ሴንቲ ሜትር። ልጅቷ "አንቺ ለሚመጣው ዙር" ስትላት አልሄድም ብላ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች።